«ስንት ነጥብ ነው ጥሩ?» ለጀማሪ ቀስተኞች የግል ግብ አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

ሐሙስ ማታ ማታ ክለባችን ውስጥ ጀማሪዎችን አግዛለሁ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የጀማሪዎችን ኮርስ የጨረሰ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ስንት ነጥብ ነው ጥሩ የሚባለው?» ሀበሻ ከሆነ «ጋሼ» የምትለዋን ያስቀድማል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። «ባለፈው 440 አምጥቼ ነበር። ዛሬ 415። ምን ነካኝ?»

የሁለቱም መልስ ያለው የራሳችሁ መዝገብ ውስጥ ነው። ምንም ነገር ሳይለወጥ ነጥባችሁ ከየት እስከ የት እንደሚዋዥቅ ካወቃችሁ፣ ጥሩ ማታ አያሳብዳችሁም፣ መጥፎ ማታም እንቅልፍ አይነሳችሁም። ግብ ማውጣት የሚቻለውም ያ ከታወቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ያንን ክልል እንዴት እንደምታገኙት፣ ከዚያ ተነስታችሁ ግብ እንዴት እንደምታወጡ፣ ሲበላሽ ደግሞ ምን እንደምታደርጉ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ቀስት ስል መሣሪያውን ነው። ፍላጻ የሚወረወረው ነው። አውታር የቀስቱ ገመድ ነው። ተራ ስል በአንድ ጊዜ የሚለቀቁትን 3 ፍላጻዎች፣ ዙር ስል ሙሉውን 60 ፍላጻ ማለቴ ነው።

ምሳሌዎቼ ሁሉ እዚህ አገር ክረምቱን አዳራሽ ውስጥ በምንወረውረው ፖርትስማውዝ በሚባለው ዙር ላይ ናቸው። ርቀቱ 20 ያርድ ነው፣ 18.3 ሜትር ገደማ። የዒላማው ወረቀት ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። 60 ፍላጻ ይወረወራል፣ ሙሉ ነጥቡ 600 ነው። ቢጫው 10 እና 9፣ ቀዩ 8 እና 7፣ ሰማያዊው 6 እና 5፣ ጥቁሩ 4 እና 3፣ ነጩ 2 እና 1 ይሰጣል። ከወረቀቱ ውጭ ያረፈ ፍላጻ ዜሮ ነው። እናንተ ባላችሁበት አገር ሌላ ዙር ከሆነ የሚወረወረው፣ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሩ። አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ልካችሁ የሆነ ቀስት። ለአብዛኛው ጀማሪ ጎልማሳ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ ስበት (አውታሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል) ይበቃል።
- አንድ ዓይነት የሆኑ ቢያንስ 6 ፍላጻዎች። ርዝመታቸውም ክብደታቸውም እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ የፍላጻውን ጥፋት የራሳችሁ አድርጋችሁ ትመዘግባላችሁ።
- የጣት መከላከያ ቆዳ፣ የክንድ መከላከያ፣ የፍላጻ መያዣ ኮሮጆ።
- ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። ስልክም ይሆናል፤ ግን በተራ መሐል ስልክ የከፈተ ሰው መልእክት ማንበቡ አይቀርም። ደብተር ይሻላል።
- ሜትር። ሁለት ነገር ይለካበታል፦ ፍላጻዎቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንዳረፉ፣ እና ቀስቱ ሲወጠር ከመያዣው እስከ አውታሩ ያለው ርቀት። ይህን ሁለተኛውን ዛሬውኑ ለክታችሁ የደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ፍላጻ ሳይኖርበት አውታር ስባችሁ አትልቀቁ። ወደ ፍላጻው መሄድ የነበረበት ኃይል ሁሉ ተመልሶ ቀስቱ ላይ ያርፋል። ቀስቱ ሊሰበር፣ ስባሪውም ፊታችሁን ሊመታ ይችላል።

ከፊት ሰው እያለ ፍላጻ አውታር ላይ አትሰኩ። ፉጨቱን ጠብቁ። ሁለት ጊዜ ሲነፋ ወደ መስመሩ ግቡ፣ አንድ ጊዜ ሲነፋ ወርውሩ፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ፍላጻ ልቀሙ። ደጋግሞ ከተነፋ የሳባችሁትን ቀስ ብላችሁ መልሳችሁ ወዲያው አቁሙ።

ወደ ዒላማው በእርጋታ ሂዱ፣ አትሩጡ። የተሰካ ፍላጻ ጭራ ዓይን ከፍታ ላይ ይሆናል። ስትነቅሉም ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን እዩ።

የካርቦን ፍላጻ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ጠንካራ ነገር ከመታ በኋላ በቀስታ እያጎበጣችሁ አዳምጡት። ስንጥቅ ካለው ይንጣጣል። የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ ሊፈነዳና እጅ ውስጥ ሊሰካ ስለሚችል ወዲያው ጣሉት።

ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ የዚያን ማታ ውርወራ ጨርሳችኋል። የጡንቻ ድካም ሌላ ነው፣ ውጋት ሌላ ነው።

1. ለምን እንደምትወረውሩና ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ጻፉ

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ከሥራ በኋላ ጭንቅላቴን ለማሳረፍ።» «ከልጄ ጋር አንድ ነገር ለመሥራት።» «የበጋ ውድድር ለመግባት።» ሁሉም ትክክል ናቸው። ከሥሩ በሳምንት በእርግጠኝነት ስንት ጊዜ መምጣት እንደምትችሉ ጻፉ። የምትመኙትን አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ካለባችሁ፣ ቅዳሜ ልጆች ይዛችሁ የምትሮጡ ከሆነ፣ እሱን ቆጥራችሁ ቀንሱ።

ይህ የሚጠቅመው በኋላ ግቡን ስትወስኑ ነው። በሳምንት አንድ ማታ የሚመጣ ሰው፣ አራት ቀን የሚለማመድ ሰው ያወጣውን ግብ ከያዘ ሁለት ወር ሳይሞላው ስፖርቱን ይተወዋል። ጥለው የሄዱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ችሎታ አጥተው አልነበረም፤ ጊዜያቸውን በትክክል ስላልቆጠሩ ነው።

2. አራት ዙር ምንም ሳትቀይሩ ወርውሩ

በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ ባጠቃላይ አራት ሙሉ ዙር። ቀስቱ ያው፣ ፍላጻው ያው፣ ርቀቱ ያው። በእነዚህ ሳምንታት አዲስ መሣሪያ አትግዙ፣ ስበት አትጨምሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ነጥቡን የቀየረው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት 6 ፍላጻ ለማሟሻ ወርውሩ፣ አትቁጠሩት። እንጀራ ጋጋሪ የመጀመሪያውን እንጀራ ለእንግዳ አታቀርብም፤ ምጣዱ ገና አልተሟሸም። የእናንተም ትከሻ እንደዚያው ነው።

ከዙሩ በኋላ እነዚህን ጻፉ፦ ቀኑን፣ ጠቅላላ ነጥቡን፣ ጥቁርና ነጭ ላይ ያረፉትንና የሳታችኋቸውን ፍላጻዎች ብዛት፣ የፍላጻዎቹን መቀራረብ (በአንድ ተራ በጣም በተራራቁት በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር)፣ እና ስለ ሰውነታችሁ አንድ ቃል። «ደክሞኝ።» «እንቅልፍ አጥቼ።» «ጾም ላይ፣ ሳልበላ።» ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ብዙ ሰው ይንቃታል። እኔ ግን የዐቢይ ጾም ሳምንታትን ነጥብ ከሌላው ጊዜ ጋር ሳስተያይ፣ ልዩነቱን ያስረዳችኝ እሷ ብቻ ናት።

ለምን ይሆን ሰውነት እንዲህ የሚለየው? 24 ፓውንድ ወደ 11 ኪሎ ነው። 60 ጊዜ ስትስቡት በአንድ ማታ ከ650 ኪሎ በላይ ስባችኋል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ተራዎች ላይ ነጥብ መውረዱ የአእምሮ ድክመት አይደለም።

3. ክልላችሁን አስሉ

ከሁሉም በላይ ትልቁ ደረጃ ይህ ነው። አራቱ ዙሮች 418፣ 441፣ 409 እና 432 ሆኑ እንበል። ድምሩ 1700፣ አማካዩ 425 ነው። አሁን አማካዩ ላይ 25 ደምሩ፣ 25 ቀንሱ። ከ400 እስከ 450። ክልላችሁ ይህ ነው።

25 ከየት መጣ? ጀማሪ ቀስተኛ እያንዳንዱ ፍላጻው ከአማካዩ በ1.5 ነጥብ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል ብለን እንነሳ። በ60 ፍላጻ ውስጥ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው በከፊል ይጣፋል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይጣፋም። ሲሰላ፣ ከሦስት ዙር ሁለቱ ከአማካዩ 12 ነጥብ ባልራቀ ቦታ ይወድቃሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ እስከ 24 ይርቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እናንተ አንድ ዓይነት ቀስተኛ ሆናችሁ እያለ ነው። አልተሻሻላችሁም፣ አልባሳችሁም።

እንግዲህ 440 አምጥቶ በሳምንቱ 415 ያመጣው ልጅ ምን ነካው? ምንም አልነካውም። ሁለቱም ክልሉ ውስጥ ናቸው። 440 ያመጣ ቀን አዲስ ሰው አልሆነም፣ 415 ያመጣ ቀንም ያወቀውን አልረሳም።

ነጥባችሁ እያደገ 540 ሲያልፍ ፍላጻዎቹ ስለሚቀራረቡ ክልሉም ይጠባል። ያኔ በ25 ፋንታ 15 ውሰዱ።

4. ነጥቡ በየት በኩል እንደሚፈስ ፈልጉ

ጀማሪ ሁሉ ዓይኑ ቢጫው ላይ ነው። 10 ስንት እንዳገኘ ይቆጥራል። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ። መጥፎዎቹን ቁጠሩ።

ለምሳሌ በአንድ ዙር 6 ፍላጻዎች ጥቁር፣ ነጭና ውጭ አረፉ፤ ድምራቸው 10 ነጥብ ሆነ። እነዚህ ስድስቱ ሰማያዊው ላይ 6፣ 6 ቢያገኙ ኖሮ 36 ይሆኑ ነበር። ትርፉ 26 ነጥብ ነው። ያንኑ 26 ነጥብ 9ኞችን ወደ 10 በመቀየር ለማግኘት 26 ፍላጻ ማሻሻል ይጠይቃል። ስድስት መጥፎ ፍላጻ ማስተካከል ይቀላል ወይስ 26 ጥሩ ፍላጻ ይበልጥ ጥሩ ማድረግ?

ቀጥሎ መጥፎዎቹ ለምን እንደመጡ ለዩ። መንገዱ ሁለት ነው።

ፍላጻዎቹ ተሰባስበው፣ ግን ከመሐል ወደ አንድ ጎን ካረፉ፣ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነው። ማነጣጠሪያውን ፍላጻዎቹ ወደሄዱበት አቅጣጫ አንቀሳቅሱት። ግራ ከሄዱ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ከሄዱ ወደ ላይ። ግን ሦስት ተራ ሳታዩ አትንኩት። በአንዲት ፍላጻ ማነጣጠሪያ የሚቀይር ሰው ማታውን ሙሉ የራሱን ስሕተት ሲያሳድድ ያመሻል።

ፍላጻዎቹ ከተበታተኑ ጥፋቱ አሳሳባችን ላይ ነው። በጀማሪ ዘንድ ቀዳሚው ምክንያት እጅ አገጭ ሥር የሚያርፍበት ቦታ መለዋወጡ ነው። ቁጥሩን ልንገራችሁ። ፍላጻችሁ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ተስቧል እንበል። የኋላ እጃችሁ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ 20 ያርድ ላይ ፍላጻው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። በ60 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ አንዱ ቀለበት 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከአራት ቀለበት በላይ ነው። ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የወሰዳችሁ የምስር ፍሬ የምታህል ፈቀቅታ ናት። ለዚህ ነው አሠልጣኝ ሁሉ «አገጭ! አገጭ!» እያለ የሚጮኸው።

5. ሦስት ግብ ጻፉ፤ ከሦስት አትለፉ

የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ያለ ይሁን። «ለሚቀጥሉት 8 ሳምንታት አውታሩ አገጬን ሳይነካ አንድም ፍላጻ አልለቅም።» ይህ ግብ ዒላማውን አያውቀውም። ነፋስ፣ የጎረቤት ነጥብ፣ ዕድል አይገቡበትም። አደረጋችሁት ወይም አላደረጋችሁትም።

ሁለተኛው የቁጥር ግብ ነው፣ የአንድ ማታ ሳይሆን የአራት ዙር አማካይ። «አማካዬን ከ425 ወደ 440።» 15 ነጥብ ሲካፈል በየ4 ፍላጻው 1 ነጥብ ነው። ያን ያህል ብቻ። በሳምንት አንዴ ለሚመጣ ሰው በሁለት ወር ከ10 እስከ 15 ነጥብ ይበቃዋል ባይ ነኝ። ከፍተኛውን ነጥብ ግብ አታድርጉ። ከፍተኛው ነጥብ ግማሹ የዕድል ነው፤ አማካዩ ግን የእናንተ ነው።

ሦስተኛው ራቅ ያለ ይሁን፣ የሚያጓጓ። እዚህ አገር ክለቦች ውስጥ 252 የሚባል ደረጃ አለ። ለሪከርቭ ቀስት (ጫፎቹ ወደ ፊት ለታጠፉት)፣ ስፋቱ 122 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዒላማ ላይ 36 ፍላጻ ወርውሮ 252 ነጥብ ማምጣት ነው። አቆጣጠሩ ቢጫ 9፣ ቀይ 7፣ ሰማያዊ 5፣ ጥቁር 3፣ ነጭ 1 ነው። በአማካይ ሁሉንም ፍላጻ ቀይ ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። በ20 ያርድ ካመጣችሁት ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40 ትሄዳላችሁ። ይህን ደረጃ የምወደው ከማንም ጋር ስለማያወዳድር ነው። እናንተና ርቀቱ ብቻ ናችሁ።

ግብ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑም አሉ። «ጎበዝ ቀስተኛ መሆን» አይለካም፣ ስለዚህ ደረስኩ አይባልም። «የገና ውድድር ላይ አንደኛ መውጣት» ደግሞ በሌላው ሰው እጅ ያለ ነው። የሕይወታችሁን ምርጥ ዙር ወርውራችሁ አራተኛ ልትወጡ ትችላላችሁ።

6. ልምምዱን ከነጥብ ለዩት

ሁልጊዜ የምትቆጥሩ ከሆነ ሁልጊዜ ፈተና ላይ ናችሁ። ተፈታኝ ደግሞ አይማርም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ማታ ለነጥብ ይሁን፣ የቀረው ለልምምድ።

የአንድ ሰዓት ተኩል የልምምድ ማታ እንዲህ ብትከፍሉት ጥሩ ነው። 12 ፍላጻ ማሟሻ። 30 ፍላጻ ከ5 ሜትር ርቀት፣ ወረቀት ባልተለጠፈበት ባዶ ዒላማ ላይ። ከዚያ 24 ፍላጻ በሙሉ ርቀት፣ ነጥብ ሳይሆን በእጃችሁ ያለውን ግብ እየቆጠራችሁ። አገጭ ነካ? ምልክት። አልነካም? ባዶ። ፍላጻው 10 ላይ አርፎ አገጭ ካልነካ፣ ባዶ ነው። ፍላጻው ነጩ ላይ አርፎ አገጭ ከነካ፣ ምልክት አለው። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ሞኝነት ይመስላል። ግን አካል የሚማረው ያመሰገናችሁትን ነው፤ ባጋጣሚ የመጣን 10 ካመሰገናችሁ፣ ያጋጣሚን አሳሳብ አስተማራችሁት።

ባዶ ዒላማውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ስለሚሰለች። አትዝለሉት። ዓይን የሚያነጣጥርበት ነገር ሲያጣ ሐሳብ ወደ ትከሻና ወደ ጣት ይመለሳል።

7. መጥፎ ፍላጻ ሲመጣ፦ መልሱ፣ ተንፍሱ፣ ቀጥሉ

ለ3 ፍላጻ የሚሰጠው ጊዜ አያጣድፍም።  ብዙ ነው! ስባችሁ አንድ ነገር ደስ ካላላችሁ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ አገጭ ካልተመቸ፣ ሳትለቁ አውታሩን ቀስ ብላችሁ መልሱት። ቀስቱን ዝቅ አድርጉ። አንዴ በረጅሙ ተንፍሱ። እንደገና ሳቡ። ከ8 ሰከንድ በላይ ስባችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፣ መልሱ። ጡንቻው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አይረባም።

ጀማሪ መመለስ ያፍራል። ሰው የሚያየው ይመስለዋል። ማንም አያይም፤ ሁሉም የራሱን ዒላማ ነው የሚያየው። እንዲያውም ደብተሩ ላይ «የመለስኩት» የሚል ዓምድ ጨምሩ። በአንድ ማታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መመለስን ግብ አድርጉት። ዜሮ ከሆነ፣ መለቀቅ ያልነበረበት ፍላጻ ለቃችኋል ማለት ነው።

አንዴ ከተለቀቀ ግን አልቋል። በሚቀጥለው ፍላጻ የቀደመውን ለማካካስ አትሞክሩ። የሚካካስበት መንገድ የለም፤ ትልቁ ነጥብ 10 ነው፣ ለተናደደ ሰው 12 አይሰጥም።

8. መጥፎ ማታን በሕግ ያዙት

ቤት ስትሄዱ በስሜት አትወስኑ። ሕጉ ይህ ነው።

ነጥቡ ክልላችሁ ውስጥ ከሆነ ምንም አትቀይሩ። ጻፉና ተኙ።

አንድ ጊዜ ከክልሉ በታች ከወረደ የሰውነት ቃላችሁን አንብቡ። «ደክሞኝ» የሚል ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከወረደ እውነተኛ ምክንያት አለ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ። መጀመሪያ መሣሪያ፦ ከመያዣው እስከ አውታሩ ያለው ርቀት ሽፋኑ ላይ ከጻፋችሁት ጋር እኩል ነው? የማነጣጠሪያው ብሎን ላልቷል? የፍላጻው ላባ ተላጥቷል? ቀጥሎ አካል፦ ስበት ጨምራችሁ ነበር? ታማችሁ ነበር? በመጨረሻ አሳሳብ፦ አሠልጣኝ ወይም ልምድ ያለው ሰው ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። ከመሣሪያው የምጀምረው በሁለት ደቂቃ ስለሚጣራ ነው። ላልቶ ለነበረ ብሎን ሲል ደህና አሳሳቡን ያበላሸ ሰው አውቃለሁ።

9. በሌላ ሰው ቁና አትሰፈሩ

ከጎናችሁ የቆመው ሰውዬ ሁሉንም ቢጫ ላይ ይከምራል። ቀስቱን እዩት። ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማ መሳይ መዘውር ካለው ኮምፓውንድ ነው። መዘውሩ፣ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ እጅ ላይ የሚቀረውን ክብደት በእጅጉ ያቀለዋል። ማነጣጠሪያው አጉሊ መነጽር አለው፣ አውታሩን የሚለቀውም በጣት ሳይሆን በመሣሪያ ነው። የእሱ 560 ከእናንተ 425 ጋር አይወዳደርም። ያለ ማነጣጠሪያ በቤርቦው የሚወረውርም እንዲሁ ሌላ ዓለም ነው። ማወዳደር የግድ ካማራችሁ፣ ተመሳሳይ ቀስት የያዘና ከእናንተ ጋር በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ፈልጉ። እሱንም በአማካይ።

ትልልቆቹንም በልክ እዩአቸው። አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን በ2019 ሊማ ላይ በ70 ሜትር 702 ነጥብ ሲያመጣ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሙሉው 720 ነው። በሕይወቱ ታላቅ በሆነው ቀን 18 ነጥብ ጥሏል። በፓሪስ 2024 የወንዶች ፍጻሜ እሱና ኮሪያዊው ኪም ዉጂን እኩል ሆነው በአንድ ፍላጻ ተለያዩ፤ ሁለቱም 10 አመጡ። ወርቁን የወሰነው ለመሐል የመቅረብ የ4.9 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ የቻዱ ኢስራኤል ማዳዬ ከኪም ዉጂን ጋር ሲገጥም አንዷ ፍላጻው 1 ነጥብ ላይ አረፈች። ዓለም እያየው። ቀጣዩን ፍላጻ አንስቶ ግጥሚያውን ጨረሰ። የእናንተ የሐሙስ ማታ ነጭ እዚያ ኦሎምፒክ መስክ ላይም ይኖራል።

10. በየ8 ሳምንቱ ደብተሩን ክፈቱ

አዲሱን የአራት ዙር አማካይ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የቁጥር ግቡ ከተሳካ ክልሉን እንደገና አስሉ፣ ከደረጃ 4 ቀጥሉ። ለግቡ 5 ነጥብ ያህል ከቀራችሁ ግቡን ሳትቀይሩ 8 ሳምንት ጨምሩ። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ምልክቶቹን ቁጠሩ፦ በእጃችሁ ያለውን ግብ በስንት ፍላጻ ፈጸማችሁ? ከአሥር ዘጠኙን ፈጽማችሁ ነጥቡ ካልጨመረ፣ የመረጣችሁት ጉዳይ ችግራችሁ አልነበረም፤ ሌላ ምረጡ። ከአሥር አምስቱን ብቻ ከሆነ ግቡ ትክክል ነው፣ ልምምዱ ነው የጎደለው።

ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትንም አንብቡት። «ጭንቅላቴን ለማሳረፍ» ብላችሁ ጀምራችሁ አሁን ከክለብ ተናዳችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ ለ8 ሳምንት የቁጥር ግቡን ተዉት። በእጃችሁ ያለውን ብቻ ያዙ። ነጥብ ሳይቆጥሩ መወርወር ይፈቀዳል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ነጥብ ሲወርድ ስበት መጨመር። ከባድ ቀስት ፍላጻውን ያፈጥነዋል፣ የደከመ ትከሻን ግን ይበልጥ ያንቀጠቅጠዋል። የምትጨምሩ ከሆነ ከ2 ፓውንድ ሳትበልጡ፣ የአሁኑን 60 ፍላጻ ሳትንቀጠቀጡ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።

በየተራው መሐል ድምር መሥራት። «ከዚህ በኋላ ሁሉንም 8 ካመጣሁ 450 እገባለሁ» ያለ ሰው ቀጣዩን 3 ይወረውረዋል። ነጥቡን ጻፉ፣ ድምሩን ለመጨረሻ ተዉት።

ጥሩውን ዙር መመዝገብ፣ መጥፎውን «ዛሬ አይቆጠርም» ማለት። ክልሉ የውሸት ይሆናል። ከውሸት ክልል የወጣ ግብ ደግሞ አይደረስበትም።

ማነጣጠሪያው ቢጫውን ገና ሲነካ እጅ በራሱ የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም ከቢጫው በታች ተቸክሎ አልወጣ ካለ፣ ይህን ቸል አትበሉ። ነጥብን አብዝቶ ማሰብ የሚያመጣው ልማድ ነው፣ በቆየ ቁጥር ሥር ይሰዳል። ለሦስት ሳምንት ወረቀቱን አንሱት። ከ5 ሜትር ባዶ ዒላማ ላይ ብቻ ወርውሩ፣ ስባችሁ አምስት ቁጠሩና ሳትለቁ መመለስንም ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ከዚያ ትልቁን 122 ሴንቲ ሜትር ወረቀት በቅርብ ርቀት ስቀሉ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ራቁ። ለአሠልጣኛችሁም ንገሩ። የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ብዙ ትልልቅ ቀስተኞች አልፈውበታል።

የመጀመሪያውን ዙር የምትወረውሩበትን ቀን አሁን ስልካችሁ ላይ ያዙ። አራተኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የሚሆነው፤ እሱንም አብራችሁ ያዙት።